ዘጠነኛዋ ጀሪካን

«ዕጢሽ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ጥፋቱ የአፍሽ ነው» አለኝ ዶክተሩ ፊት ለፊቴ፣ ዓይኑን እንኳ ሳይሰብር።

ስለ ውፍረቴ ከዚያ ቀን በፊትም ብዙ ሰው ብዙ ነገር ብሎኛል። ድሬዳዋ ውስጥ ሰው አፉን አይቆጥብም፤ ሙቀቱ አይፈቅድለትም። ግን የሰፈር ሰው ሲናገር ሐሜት ነው፣ ሌላ ወፍራም እስኪያልፍ ነው ዕድሜው። ሐኪም ሲናገር ካርድ ላይ ይጻፋል። እሱም ጻፈው። ካርዱን በግልባጭ ላነበው አንገቴን አዞርኩ፤ የሐኪም ጽሕፈት ግን በቀጥታውም አይነበብ።

ነገሩ የተጀመረው በደረጃ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ተቀጥሬ ነበር። መዝገብ ቤቱ ፎቅ ላይ ነው፤ አሥራ ስምንት ደረጃ አለው። ስድስተኛው ላይ ስደርስ አንድ ነገር እንደረሳ ሰው ቆም እላለሁ። አሥራ ሁለተኛው ላይ የረሳሁትን ለማስታወስ እንደሚሞክር ሰው ግድግዳውን ተደግፌ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ። የሚያየኝ ሁሉ ሐሳብ የበዛብኝ ይመስለዋል። ትንፋሽ ነው ያጠረኝ። በመጨረሻ አለቃዬ «ይህቺ ልጅ ስታስብ ፋይል ይዘገያል፣ ሐኪም ይያት» ብለው ፈቃድ ጻፉልኝ።

ዶክተሩ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ቀጭን ሰው ነው፤ ጋዎኑ ውስጥ ሌላ አንድ ዶክተር ይገባ ነበር። ጉልበቴን ነካካ፣ ደረቴን አዳመጠ፣ የደም ግፊት መለኪያው ክንዴን አልዞር ሲለው በሁለት እጁ ጨብጦ ያዘው። ከዚያ ተቀምጦ እንዲህ አለኝ፤

«አዲስ አበባ አንድ የውጭ አገር ቀዶ ሐኪም አለ። ጨጓራን ቆርጦ ያሳንሳል። እስከ ክረምት ነው የሚቆየው። አንቺን የመሰለ በሽተኛ ይቀበላል፤ ዕጢዋ ሳይመረመር የመጣችዋን ግን ከበር ነው የሚመልሳት።»

«ዕጢዬ ምን አደረገው?»

አስረዳኝ። ሰውነት ውስጥ ሆርሞን የሚሠሩ ዕጢዎች አሉ፤ አንዷ አንገት ላይ፣ ሁለቱ ኩላሊት ላይ እንደ ቆብ የተደፉ። እነሱ ከታመሙ ሰው ብዙ ሳይበላም ይወፍራል። ያን ዓይነቱን ውፍረት ቢላዋ አይመልሰውም፤ መድኃኒት ነው የሚመልሰው።

«ሳይበላም ይወፍራል?» አልኩት።

«ብዙ ሳይበላም ይወፍራል።»

ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። ከተወለድኩ ጀምሮ እንደዚያ ያማረ ዓረፍተ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

ለምን እንዲህ እንዳማረኝ ልንገራችሁ። ዘይቱም ስኳሩም ሳሙናውም በራሽን ካርድ በሚታደልበት ዘመን መወፈር የግል ጉዳይ አይደለም። ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ልክ እየተሰፈረለት አንዷ ብቻ ከልክ ስትወጣ ጥያቄ ይነሳል። የኛ ቤት ደግሞ ጥያቄው ዘንቢል ይዞ ነው የመጣው፤ እማዬ በሴቶች ማኅበር በኩል የቀበሌያችን ኅብረት ሱቅ ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ውስጥ ነበረች። ሥራዋ ስኳር ሲመዘን፣ ዘይት ሲቀዳ ቆሞ ማየት ነው። ከዚያ የምታተርፈው የእግር እብጠት ብቻ ነው። ሰፈሩ ግን የሚያየው እኔን ነው። «እናት ትመዝናለች፣ ልጅ ትወፍራለች» የሚል አባባል ወጥቶልን ነበር፤ ማን እንዳወጣው አይታወቅም፣ ሁሉም ግን በቃሉ ይዞታል። በዚያ ላይ ነገሩ ለጠቅላላ ስብሰባ ሊቀርብ ነው ተባለ። ያን ጊዜ እንደዚህ ያለ ነገር ስብሰባ ላይ ሲቀርብ ስሙ ሐሜት መሆኑ ይቀርና አሻጥር ይሆናል። እማዬ እህል አልወርድ አላት። ከቤታችን ውስጥ እህል የሚወርድላት እኔ ብቻ ቀረሁ፣ ይሄም ተቆጠረብኝ።

እንግዲህ ሰው ለጤናው ይጸልያል፤ እኔ ለመታመም ተሳልኩ። ማኅተም ያለበት ወረቀት፣ «የዚህች ልጅ ውፍረት የዕጢ ነው» የሚል። ያ ከተገኘ እማዬ ትድናለች። ያ ካልተገኘ ደግሞ ቢላዋው ይገኛል፣ እኔ ደረጃ እወጣለሁ፣ እማዬ ግን ስብሰባ ፊት ትወጣለች። ሁለቱ አብረው አይመጡም። አንዱን ምረጡ ብትባሉ ምን ትመርጡ ነበር? እኔ ዕጢውን መረጥኩ።

መጀመሪያ ክብደቴ ይጻፍ ተባለ። የሐኪም ቤቱ ሚዛን ላይ ወጣሁ፤ መርፌው መጨረሻው ድረስ ሄዶ እዚያው ቀረ። ብወርድም አልተመለሰም። ዶክተሩ ሚዛኑን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ መጋላ ገበያ አንድ የቡና መጋዘን ላከኝ። እዚያ ባስኩላ አለ፤ ጆንያ ቡና የሚመዘንበት፣ መሬት ላይ የተዘረጋ፣ ለማንም የማይደነግጥ።

መጋላ ስገባ አንድ ጣፋጭ ሐላዋ የሚሸጥ ሰው ከሩቅ አይቶኝ በወረቀት መጠቅለል ጀመረ። ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንዳለ አየሁ። ማንም የለም። ሰው ከሰው ይመሳሰላል ብዬ አለፍኩ።

የመጋዘኑ ሚዛን ያዥ ሽርጥ የታጠቁ ሽማግሌ ናቸው። ወረቀቱን አነበቡ፣ «ቢስሚላህ፣ ውጪ» አሉኝ። ወጣሁ። ብረቱን ወዲያ ወዲህ ገፉና ለጸሐፊው ጮክ ብለው «መቶ ሃያ ሰባት» አሉ። መጋዘን ውስጥ ቡና ሲለቅሙ የነበሩ ሃያ የሚሆኑ ሴቶች እጃቸውን አቆሙ። ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና «ለጆንያው አንድ ኪሎ ቀንስ» አሉት።

«አባባ፣ እኔ እኮ ጆንያ የለኝም» አልኳቸው።

«ልብስሽን ነው ልጄ። ለጆንያ ሳይቀንስ የሚመዝን ሰው አላህን አይፈራም።» ወደ ጸሐፊው ዞሩ። «ለእርጥበትም ግማሽ ቀንስላት፣ አልቧታል።»

ወረቀቱ ላይ መቶ ሃያ አምስት ተኩል ተብሎ የመጋዘኑ ማኅተም ተመታበት። «ደረጃ» የሚል ክፍት ቦታም ነበረው፤ ጸሐፊው ትንሽ ካመነታ በኋላ ሰረዝ አደረገበት። ዶክተሩ ወረቀቱን አይቶ ቀስ ብሎ ከካርዴ ጋር አያያዘው። በዚያ ሁሉ ምርመራ ውስጥ ለኔ ያደላልኝ ሰው እኒያ ሽማግሌ ብቻ ናቸው።

ከዚያ ዶክተሩ የዕጢን ምልክት ፍለጋ ገባ። ፊቴ እንደ ጨረቃ ክብ መሆኑን ለማየት ራቅ ብሎ ቆመ። ማጅራቴ ላይ እንደ ኮርማ ሻኛ ያበጠ ነገር ካለ ብሎ ዳሰሰ። ሆዴ ላይ ሐምራዊ መስመር ፈለገ። ውሃ አጠጥቶኝ አንገቴ ሲውጥ አየ። እኔ እያንዳንዱ ላይ «አለ?» እላለሁ፣ እሱ «ዝም በይ» ይላል። እንደ ተፈታኝ ተማሪ ፊቴን በተቻለኝ መጠን ክብ አደረግሁት።

«ምን ምን ትበያለሽ?» አለኝ እየጻፈ።

«እንደ ሰው።»

«እንደ የትኛው ሰው?»

«በልክ ነው የምበላው። ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ፣ ዓቢይ ጾምን እጾማለሁ። እኔ እጾማለሁ፣ ሰውነቴ አይጾምም። ዕጢ ነው ዶክተር።»

«እሱን እኔ ነኝ የምነግርሽ» አለና ደም አስቀዳኝ። ቀጥሎ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው አለ፤ እሱንም የሚሠራው የላቦራቶሪው ሰውዬ ሳይሆን እኔ ራሴ ነኝ። የሃያ አራት ሰዓት ሽንት።

ትእዛዙ ይህ ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሸንተሽ ትደፊያለሽ። ከዚያ ጀምሮ እስከ ማግስቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ ያለው ሁሉ፣ አንዲት ጠብታ ሳትቀር፣ አንድ ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ይጠራቀማል። ሐኪም ቤቱ ያን የሚያህል ጠርሙስ የለውም፤ ከቤትሽ አምጪ። ዕቃው ከቀዝቃዛ ቦታ እንዳይርቅ። በማግስቱ ይለካል፣ ትንሹ ተቀንሶ በባቡር አዲስ አበባ ይላካል። አንዲት ጠብታ ሌላ ቦታ ከፈሰሰች ቁጥሩ ሁሉ ውሸት ይሆናል።

«ቀዝቃዛ ቦታ» ሲል ሳቄ መጣ። ድሬዳዋ ውስጥ ቀዝቃዛ ቦታ ቢኖር ኖሮ እኔ መጀመሪያ እዚያ እገኝ ነበር።

እማዬ ግን መላ አላት። አምስት ሊትር የምትይዝ ቢጫ ጀሪካን በአመድ አጠበች፣ እንደ መኪና ነጂዎች የመጠጥ ውሃ እርጥብ ጆንያ ጠቀለለችባት፣ ጥላ ውስጥ ከውሃ በርሜላችን ሥር አስቀመጠችልኝ። ጆንያው በየሰዓቱ ውሃ ሲረጭበት ውስጡ ይቀዘቅዛል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የመጠጥ ውሃውን የሚያቀዘቅዘው እንደዚሁ ነው። ይህቺን ዓረፍተ ነገር አትርሱብኝ።

ቀኑን እሑድ አደረግነው፣ ሥራ ስለሌለ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደፋሁ። ከዚያ እማዬ «ብዙ ከሆነ በሽታው ጎልቶ ይታያል» ብላ በላይ በላዩ ውሃ አጠጣችኝ። ሐኪሙ እንደዚያ አላለም፤ እማዬ ግን ከሐኪም ጋር የመከራከር ልምድ አላት። እስከ ሦስት ሰዓት ጀሪካኗ ሲሶዋን አለፈች። ሦስት ሰዓት ላይ የቀበሌው ጥሩምባ ተነፋ። ስብሰባ።

እሑድ የስብሰባ ቀን መሆኑን እንዴት እንደረሳሁት አትጠይቁኝ። ስም ይጠራል፤ የቀረ ሰው ስኳር አያገኝም። እማዬ የኮሚቴ ሰው ናት፣ ቀድማ ሄዳለች። ጀሪካኗን ይዤ ልሂድ ብዬ ዘንቢል ውስጥ ከተትኳት፣ ስራመድ ተንቦጫረቀች፣ አውጥቼ ወደ ቦታዋ መለስኳት። እስክመለስ እችላለሁ አልኩ። ሰው ወጣት እያለ የማይለው የለም።

አጀንዳው ውሃ ነበር። የቦኖው ቧንቧ ለምን እንደሚንጠባጠብ። ሊቀመንበሩ ስለ ጠብታ አንድ ሰዓት ተናገሩ፤ አንዲት ጠብታ ተጠራቅማ በቀን ስንት ባልዲ እንደምትሞላ፣ ባልዲው ተጠራቅሞ በወር ስንት በርሜል እንደሚሆን። አዳራሹ ሽንት ቤት አለው፤ ለኔ ግን የለውም፣ ምክንያቱም የኔ ጠብታ መድረሻዋ የታወቀ ነው። እግሬን አጣምሬ ተቀመጥኩ። ፈታሁት። እንደገና አጣመርኩት። እጄን አወጣሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ፈቃድ።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ግል ጉዳይ።»

«የግል ጉዳይ ከጋራ ጉዳይ አይቀድምም። ቁጭ በይ።»

ስድስት ሰዓት ላይ ለቀቁን። ሮጥኩ ብዬ አልዋሽም፤ ሩጫ ለኔ ዓይነቱ ሰው የታሰበ አይደለም። ግን በትንንሽ እርምጃ፣ ጉልበቴን አጣብቄ፣ ማንንም ሰላም ሳልል ግቢያችን ደረስኩ። ከበርሜሉ ሥር የቀረው የእርጥብ ጆንያ ክብ ምልክት ብቻ ነው። ጀሪካኗ የለችም።

ጎረቤታችን ሀቦ ዘሃራ በሯ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ሀቦ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራት። ይህቺ ሴት ውፍረቴን ባየች ቁጥር «ማሻአላህ» የምትል በዓለም ላይ ያለች ብቸኛ ሰው ናት። ስለ ምርመራው ግን አልነገርናትም፤ እሷ ጋ የገባ ወሬ አራት ቋንቋ ተናግሮ ነው የሚወጣው።

«ሀቦ፣ እዚህ የነበረች ጀሪካን…»

«አቦ ተረጋጊ» አለችኝ። «ነገ ዘይት ይመጣል አሉ። ሰው ሁሉ ጀሪካኑን ሰልፍ አስያዘ። እናንተ ስብሰባ ናችሁ፣ ከኛ ቤት ልጄ ሄዷል። ሀቦ ዘሃራ ምን ሠራች? ወስዳ አሰለፈችልሽ። ዘጠነኛ ነሽ ወላሂ። እኔ ራሴ አሥራ ሦስተኛ ነኝ።»

«ውስጧ… ከብዷት አልነበረም?»

«ውሃ ነበረባት። ልደፋው አልኩ፣ ኋላ ደግሞ ውሃ መድፋት ኃጢአት ነው ብዬ ተውኩት።»

የኅብረት ሱቅ ሰልፍ ባሕሉን የማያውቅ ካለ ላስረዳ። ሰው አይሰለፍም፣ ጀሪካኑ ነው የሚሰለፈው። ባለቤቱ ቤቱ ይተኛል፣ ጀሪካኑ ደጅ ቆሞ ያድራል። ጣልቃ የሚያስገባ እንዳይኖር ደግሞ አንድ ሲባጎ በሁሉም እጀታ ውስጥ ያልፍና ጫፍና ጫፉን ሰልፍ አስከባሪው ጓድ ተፈራ ይቋጥረዋል። ጓድ ተፈራ አጭር፣ ጸጥ ያለ፣ በሕይወቱ አንድም ነገር ቀልሎት የማያውቅ ሰው ነው። የቋጠረውን ከሱ ሌላ አይፈታም። ከመሀል አንዷን ለማውጣት ከኋላ ያሉት ሁሉ መፈታት አለባቸው።

ስደርስ ሰልፉ ዙሪያ ሰው ከቧል። ሠላሳ የሚሆኑ ጀሪካኖች በሲባጎ ተያይዘው ቆመዋል፤ ከነሱ መካከል ጆንያ የለበሰች አንዲት ናት። አሥረኛዋ የእትዬ አስካለ ናት፣ በሰፈሩ የሚገባና የሚወጣውን የሚቆጥሩ ሴት። ስብሰባው እንዳለቀ ቦታቸውን ሊያዩ መጥተው፣ ጀሪካናቸውን ጠጋ ሊያደርጉ ዘጠነኛዋን ገፋ አድርገዋታል። አልተገፋችም።

«ሞልታለች» ይላሉ እትዬ አስካለ። «ዘይቱ ነገ ነው የሚመጣው። ይህቺ ዛሬ ሞልታለች። ንገሩኛ።»

«የማን ናት?» አለ ጓድ ተፈራ።

ሁሉም ወደኔ ዞረ። እማዬ ከኮሚቴዎቹ ጋር ቆማለች፤ ጀሪካኗን አየች፣ እኔን አየች፣ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች።

«ድሮም» አሉ እትዬ አስካለ፣ ቀስ ብለው፣ እንደሚያዝን ሰው፣ «ይሄ ሁሉ ገላ በኩፖን ዘይት አልመጣም። በጓሮ በር እንደሚቀዳ ሰፈሩ ያውቃል። ደግሞ በሰልፉ መሀል አስገብተው ሌላ ሊያስጨምሩበት።»

ጓድ ተፈራ ጎንበስ ብሎ ክዳኗን ያዘ። «በሕዝብ ፊት ይከፈት» አለ። «ዘይት ከሆነ ተወርሶ ለሰልፉ ይከፋፈላል።»

በዚያች ሰዓት ሁለት ነገር ይጨንቀኝ ነበር፤ አንዱን ታውቁታላችሁ፣ ሁለተኛው ከወገቤ በታች ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ሰው እፍረት የሚባለውን ነገር ይረሳዋል።

«ጓድ ተፈራ፣ አታከፋፍለው» አልኩት። «ሽንት ነው።»

ማንም አልሳቀም። ማንም አላመነም። ጓድ ተፈራ ክዳኑን ፈታ፣ አፍንጫውን አስጠጋ፣ በዚያ በስድስት ሰዓት ፀሐይ። ከዚያ በጣም በዝግታ መልሶ ዘጋው። ቀና ሲል ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም፤ ዕድሜ ብቻ ተጨምሮበታል።

«ነው» አለ።

ስምንተኛዋና አሥረኛዋ ጀሪካን ነክተዋታል፣ አልነኳትም የሚል ክርክር ተነሳ። እትዬ አስካለ መዳፋቸውን አሸዋ ላይ ይጠርጋሉ። አንዱ «ሰልፉ ላይ የተሠራ አሻጥር ነው» አለ። ሀቦ ዘሃራ ከኋላዬ ደርሳ «ያ አላህ፣ እኔ ነኝ ያሰለፍኩት» እያለች በሦስት ቋንቋ ታለቅሳለች። እኔም ቆሜ ሁሉን ነገርኳቸው። ደረጃውን፣ ዶክተሩን፣ ባስኩላውን፣ አዲስ አበባ ያለውን ቢላዋ፣ ሃያ አራቱን ሰዓት። «ውፍረቴ ከዕጢ ይሁን ከሌላ የሚታወቀው በዚህች ጀሪካን ነው» አልኳቸው። «ከደፋችኋት መቼም አታውቁም። ምንጊዜም ስትጠረጥሩ ትኖራላችሁ።»

ይሄ ነገር ገባቸው። ድሬዳዋ ውስጥ ሰው ብዙ ነገር ይችላል፤ ሳያውቁ መቅረትን ግን አይችልም።

«እንዲያ ከሆነማ ይታወቅ» አሉ እትዬ አስካለ፣ ከሁሉም ቀድመው።

ጓድ ተፈራ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጀሪካኗ ትፈታለች። ቦታዋ ይጠበቃል። ዘጠነኛ ላይ ድንጋይ ይቀመጥ። የምርመራው ውጤት ሲመጣ ለሰልፉ ይቀርባል።» ከሠላሳኛው ጀምሮ ወደ ዘጠነኛዋ ሲባጎውን መፍታት ያዘ። ሃያ ስምንተኛው ላይ ሲደርስ አላስቻለኝም።

«ጓድ ተፈራ፣ ቶሎ በል፤ አሁን የሚጨመር አለ።»

አየኝ። የቆምኩበትን አኳኋን አየ። እጁን ኪሱ ከትቶ ቢላዋ አወጣና ሲባጎውን ቆረጠው። በቀበሌያችን ታሪክ የሰልፍ ሲባጎ ሲቆረጥ ያ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ቁልፍ አውጥቶ የኅብረት ሱቁን የጓሮ በር ከፈተልኝ፤ ሽንት ቤቱ በዚያ ስለሆነ። እንግዲህ ስለ ጓሮ በር ስንት ዓመት ታማሁ፤ እግሬ የረገጠው ያን ቀን ብቻ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ እያየ ጀሪካኔን ይዤ ገባሁ። ብዙ ቆየሁ። ስወጣ ጀሪካኗ ስትገባ ከነበረችው ከብዳለች። አንዲት ሴት እንደ ልማዷ «ጨመረች» አለች፤ ማንም አልተቃወማት።

በማግስቱ የላቦራቶሪው ሰውዬ ሲለካት «ሦስት ሊትር ተኩል፤ ይሄ ሁሉ የአንድ ሰው ነው?» አለ። የአንድ ሰውና የአንዲት እናት ነው አልኩት።

ውጤቱ ከሳምንታት በኋላ በባቡር ተመለሰ። እስከዚያ ድረስ ሰላምታ ተቀየረ። «እንዴት አደርሽ» ቀርቶ «መጣ?» ሆነ። ዶክተሩ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ያነበበው ለኔ ሲል ይመስለኛል።

«የአንገትሽም የኩላሊትሽም ዕጢ ጤነኛ ነው» አለ።

«በደንብ ተለክቷል?»

«በደንብ።»

«ትንሽ እንኳ አላመመውም?»

«ምንም። ለቀዶ ሐኪሙ ጽፌልሻለሁ፣ ይቀበልሻል። የሰኞው ባቡር እንዳያመልጥሽ፤ ክረምት እየገባ ነው።» ወረቀቱን አጥፎ ሰጠኝ። የመጀመሪያውን ቀን ንግግሩን አልደገመውም። ቢደግመው ይሻለኝ ነበር።

እማዬ ወረቀቱን ተቀብላ ገልብጣ አየችው። ፊደል ታውቃለች፤ የተጻፈው ግን በእንግሊዝኛ ነው።

«ማንም አያነበውም» አለች።

«እማዬ።»

«ዕጢ ነው በያቸው። ምን ቸገረሽ? አንቺ ሰኞ ትሄጃለሽ። እኔ ነኝ እዚህ የምቀረው።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ከቢላዋ ሥር መነሳት አለመነሳትሽን ለማያውቅ ሰው እውነት መናገር ምን ይሠራል?»

እኔም ያን ሌሊት ሁሉ ምን እንደሚሠራ አሰብኩ። ምንም አላገኘሁለትም።

ሰኞ ጠዋት ደግሞ የሰልፍ ቀን ነው። አንድ እጄ ላይ ሻንጣ፣ በሌላው ጀሪካን፤ አዲስ ጀሪካን ነች፣ እማዬ የድሮዋን ጥላታለች። የጉዞ የይለፍ ወረቀቴ ጡት መያዣዬ ውስጥ ነው። እማዬ ከኋላዬ ትከተላለች። ጓድ ተፈራ ሲባጎውን እየሳበ ነበር፤ ሲያየኝ ቆመ። ሀቦ ዘሃራ ተነሳች። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ከጆሯቸው ላይ ገለጥ አደረጉ።

«ውጤቱ ይቅረብ» አለ ጓድ ተፈራ።

እማዬ ክርኔን ያዘች። ይዛው ቆየች።

«ዕጢዬ ጤነኛ ነው» አልኩ።

 የእማዬ እጅ ከክርኔ ወረደ።

«እና ይሄ ሁሉ ከምን መጣ?» አሉ እትዬ አስካለ።

«ከሐላዋ ነው» አልኳቸው። «ከመሥሪያ ቤት ስወጣ በየቀኑ መጋላ ገብቼ ሐላዋ እበላለሁ። ግማሽ ኪሎ። አንዳንድ ቀን ከዚያም በላይ። ግድግዳ ሥር ፊቴን አዙሬ ቆሜ ነው የምበላው፣ ሰው እንዳያየኝ። ወረቀቱን እዚያው ጥዬ አፌን ጠርጌ ቤት ገብቼ ከእማዬ ጋር እራት እበላለሁ። በደሞዜ ነው። እሷ አታውቅም። ከኅብረት ሱቁ አንዲት ማንኪያ ዘይት አውጥታ አታውቅም። ካላመናችሁኝ ሐላዋ ሻጩን ጠይቁት፤ ሳልደርስ ነው የሚጠቀልልልኝ።»

እማዬን ዞሬ አላየኋትም። 

«የትኛው ሐላዋ ቤት?» አሉ እትዬ አስካለ።

«ከመስጊዱ ጀርባ ያለው።»

እትዬ አስካለ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱስ ጥሩ ነው» አሉ። «ለውዝ አይሰስትም።»

«እኔም ከሱ ነው የምገዛው» አለች አንዷ ከኋላ።

ጓድ ተፈራ ወደ እማዬ ዞሮ «እትዬ፣ ሚዛኑ ይጠብቅዎታል» አላት። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ሱቁ በር ሄደች። ከደረጃው ላይ ቆም ብላ ወደኔ ዞረች፤ «ስንቅሽ ውስጥ ዳቦ አለ» አለችኝ፣ «በልክ ብዪ።»

ጀሪካኗን ለሀቦ ዘሃራ ሰጠኋት። እሷም በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ወደ ጆሮዋ አስጠጋች፣ ወዘወዘቻት፣ ባዶ መሆኗን አረጋግጣ ሰልፉ ውስጥ አቆመቻት።

«ዘጠነኛ ነሽ» አለችኝ።

ሻንጣዬን አነሳሁ፣ ደረቁን የደቻቱን ወንዝ በአሸዋው ላይ ተሻግሬ ወደ ባቡር ጣቢያው ሄድኩ።